ላሟን ያለብኩት እኔ ነኝ

ላሟን ያለብኩት እኔ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሄክተር ማክፋርላን አይደለም፤ እኔ ሙርዶክ ጊሊስ ነኝ። ሄክተር የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው፤ ላም በየት በኩል ተቀምጠው እንደሚያልቧት እንኳ አያውቅም። እኔ ግን ከእናቴ ጡት ወርጄ በቀጥታ ላም ሥር ነው የገባሁት። አገር ቤት፣ ማርጋሪ ወንዝ ዳር፣ አባቴ ያረባቸው የነበሩትን ላሞች ስም ዛሬም በእንቅልፌ ጠይቁኝ፣ አንድ በአንድ እጠራላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ሰሞን፣ ጸደይ ላይ፣ ሆላንድ ውስጥ አንዲት መንደር ገባን። ጀርመኖቹ ለቀው ወጥተዋል፤ መንደርተኛው ግን ተኩሱን ፈርቶ ገና ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም አጥር ሥር ቆማ ትጮኻለች። ጡቷ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ሳትታለብ የዋለች ላም እንዴት እንደምትጮኽ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሆድ ይበላል። ሳጅናችን «ቀጥል! ቀጥል!» ይላል፣ እኔ እግሬ አልሄድ አለኝ። ባልዲ የለ፣ ምን ላድርግ? የብረት ቆቤን አወለቅሁ፣ የውስጡን ቆዳ ፈታሁና ቁጢጥ ብዬ አለብኳት። ሳጅኑ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ እናቱ መልካም ሴት ነበሩ።

ቆቡን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ክረምቱን የአበባ ሥር እየቀቀሉ ሲበሉ የከረሙ፣ ዐይናቸው ብቻ የቀረ። መጀመሪያ የጠጣችው ግሪት የምትባል ትንሽ ልጅ ናት። ቀና ስትል አፍንጫዋ ላይ አረፋ ተለጥፏል። አንድ ነገር ተናገረች፣ ምን እንዳለች ዛሬም አላውቅም፣ ብቻ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት አሮጊት እየሳቀች አለቀሰች። ወተቱ የጸጉርና የጠመንጃ ዘይት ይሸታል፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ከዚያ ጦርነት ይዤው የመጣሁት መልካም ነገር ይሄ ነው። ሌላ የለኝም። ሌላውን ሁሉ እዚያው ጥዬው ብመጣ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ በእኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከተጻፈው ይበልጣል። የሰው ታሪክ አይነገርም። እያንዳንዱ የራሱ አለው፣ እሱኑ ይናገራል። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ፣ የሙታን መታሰቢያ የሆነውን ቀይ አበባ ደረታችን ላይ ሰክተን እራት ስንበላ፣ ደስ ያለው ይነሳና ያወራል። ሌላው ለመቶኛ ጊዜ ቢሰማውም እንደ አዲስ ይሰማል። አብረኸው የነበርክ ብትሆን እንኳ «ኧረ እንዲህ አልነበረም» አትልም። እኔ ላሟን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሳሳድጋት ማን ተናገረኝ? ማንም። ሰው የሞተበትን ሰው ደግሞ እሱ ካላነሳው አታነሳበትም። እኔ ይሄን ሕግ የጣሰ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሄክተር ታሪክ አልነበረውም። ወይም ነበረው፣ አይናገረውም። ሲጠየቅ «እኔ? እኔ ድንች ስልጥ ነበር» ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ ካርታውን ይበውዛል። የምናውቅ እናውቃለን። ኒል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ቀይ ጸጉሩ ከሩቅ የሚታይ፣ ሳቂታ ልጅ። ከዚያች ላም በፊት በነበረው መከር፣ ቤልጂየም ውስጥ አንድ ሰፊ የውኃ ቦይ ስንሻገር ሞተ። ያየነው እኔና ሄክተር ብቻ ነን። አገራችን ከገባን ወዲህ ሄክተር አንድ ቀን ስሙን ጠርቶ አያውቅም። ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ ጉድጓድ ገብቶ ከሰል ቆፍሮ ጡረታ ወጣ፤ ኒልን አልጠራም። እኔም አልጠራሁበትም። እንዲህ አድርገን አረጀን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው ነገር የመጣው። ሄክተርን የማስታወስ ችሎታው ሊከዳው ጀምሮ ነበር። ልጁ ኤፊ ክንዱን ይዛ ወደ እራቱ አመጣችው። እኔ ካፖርቴን ስሰቅል ዞር ብዬ ባይ፣ ምን ሆኗል? ላልተመለሱት የምንዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦላችኋል! ነጭ ጨርቅ የለበሰው፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የተደፋ ብርጭቆ፣ አንድ ቁራጭ ሎሚ ያለው። እዚያ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ጽዳት የምትሠራዋ እንኳ ስትጠርግ ዞራው ነው የምታልፈው። ሄክተር ግን ብርጭቆውን ቀና አደረገና በአዳራሹ ሙሉ ጮኸ።

«ማነው ብርጭቆዬን የደፋው? ቢራ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ኤፊ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። እኔ ምን ታየኝ መሰላችሁ? ወንበሩ የኒልም ነው። ወንድሙ ካልተቀመጠበት ማን ሊቀመጥበት ነው ብዬ ማሰሮውን አነሳሁና ሄጄ ቀዳሁለት።

«ምነው ዘገየህ?» አለኝ።

«ወረፋ ነው። ሰካራሙ በዝቷል።»

«አንተ ነህ ዋናው» አለና ጠጣ። አዳራሹ ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። እኔ እንዲያውም በራሴ ኮርቼ ተቀመጥኩ።

ምን ዋጋ አለው! እራቱ አልቆ የወሬው ሰዓት ሲደርስ ሄክተር ተነሳ። ሄክተር! በዕድሜው ተነስቶ የማያውቀው ሰውዬ! ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጉሮሮውን ጠረገና «ሆላንድ ውስጥ» አለ፣ «አንዲት ላም ነበረች።»

የሰው ሁሉ አንገት ወደ እኔ ዞረ።

ሙሉውን ተናገረው። ቆቡን፣ ምድር ቤቱን፣ አረፋውን። ላሟን ቡናማ አደረጋት። በግራ በኩል ገብቼ አለብኳት አለ፤ በግራ! እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ በእርግጫ ብላ ጥርሱን ታራግፍለት ነበር፣ ደግ አደረገች እላት ነበር። ያቺ ልጅ ደግሞ ጉንጩን ሳመችው። እኔን ማንም አልሳመኝም! ደሜ ፈላ። ብድግ ልል ወንበሬን ገፋሁ፤ ከዚያ ሕጉ ትዝ አለኝ። «እንዲህ አልነበረም» አይባልም። የሰው ታሪክ አይነገርም የሚለውን ሕግ እሱ ጣሰ፣ የሰው አፍ አይታረምም የሚለው ሕግ እኔን አሰረኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት። ለእኔ እንዲያ አጨብጭበውልኝ አያውቁም።

ካፖርቴን ለመውሰድ ስወጣ ኤፊ ተከትላኝ መጣች።

«አጎቴ ሙርዶክ፣ ተቆጥተሃል።»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ ነው የምቆጣው?» አልኳትና የሰው ካፖርት ለበስኩ።

«ያ የአንተ አይደለም» አለችና አወለቀችልኝ። ከዚያ እጄን ያዘች። ኤፊን ሕፃን ሆና ትከሻዬ ላይ ተሸክሜያታለሁ፤ አሁን ጸጉሯ ሸብቷል። «ታሪኩ የአንተ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳልጨርስ እንዳትጮኽብኝ።»

«መቼ ጮኽኩብሽ?»

«አሁን እየጮኽክ ነው። ስማኝ። አምና ዓመቱን ሙሉ ‘ኒል የት ሄደ?’ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ስሙን ከአባቴ አፍ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ‘ሞቷል እኮ፣ አባዬ’ አልኩት፤ ያን ቀን የሞተ ያህል አለቀሰ። በነጋታው ረስቶት ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ ነገርኩት። ደግሞ አለቀሰ። በየቀኑ መርዶ አረዳሁት፣ አጎቴ። በኋላ አልቻልኩም፣ ‘ሥራ ሄዷል’ እያልኩ መዋሸት ጀመርኩ። እሱ ደግሞ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።»

አልጮኽኩም። ምን ብዬ ልጩኽ?

«ከፋሲካ ወዲህ መጠየቁን ተወ» አለች። «በምትኩ ወተቱን ማውራት ጀመረ። ከአንተ ሲሰማው ስንት ዓመቱ! የራሱ መሰለው። ወተቱን ያወራ ቀን ይበላል፤ እንቅልፍ ይተኛል። እባክህ አትንጠቀው። ሳምንት ያቺ የወታደር ታሪክ የምትሰበስበው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ድምፃችሁን ልትቀርጽ ትመጣለች። ተናግሮ ይቀረጽ።»

«እኔስ? እኔ ምን ልበላት? ድንች ስልጥ ነበር ልበላት?»

ኤፊ የራሴን ካፖርት አለበሰችኝ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ፍሎራ የሹራብ እጅጌ እየሠራች ነበር። ከበሩ ጀምሬ አራገፍኩት። ሄክተርን ዐይን ያወጣ ሌባ አልኩት። ሞኝ ነበርኩ፣ ስንት ዘመን እያወራሁ አስጠናሁት አልኩ። ሰው ላሙን ይሰረቃል፣ እኔ ያለብኳትን ተሰረቅሁ አልኩ። ፍሎራ ቀና ሳትል ጥልፏን ቆጥራ ጨረሰች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ላም ሞታ ቆዳዋ ጫማ ሆኖ፣ ጫማውም አልቆ ተጥሏል።»

«ቀልጂ።»

«አልቀለድኩም።» መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሙርዶክ፣ አንተ ከዚያ ጦርነት ወተት ይዘህ መጣህ። ሄክተር ምን ይዞ መጣ? አሁን የያዘውንም እግዜር ይሁን እርጅና፣ ማንም ይሁን፣ ከእጁ ወስዶበት ባዶ እጁን ነው። አንድ ቆብ ወተት አትሰጠውም?»

እውነቷን ስለሆነ ተናደድኩባትና ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። እየፈለጥኩ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ወተቱን እንኳ ይውሰድ፣ ይሁን። ኒልስ? ኒልን ያየነው ሁለታችን ነን። አንዱ ረስቶታል፤ ሌላው የሰው ታሪክ አይነገርም በሚል ሕግ አፉ ተለጉሟል። ኒል የሄክተር ነበር። ሄክተር አሁን የለውም። እኔ ዝም ብዬ ከሞትኩ ደግሞ ያ ልጅ፣ ያ ሳቂታ ልጅ፣ በማንም አፍ ላይ የለም ማለት ነው፤ ድንጋይ ላይ የተቆረጠ ስም ብቻ። ብናገረው ሄክተር ይሰማና መርዶው እንደ አዲስ ይጀምራል። ብተወው ኒል ይጠፋል። አንዷን ግንድ እዚያው ስቀጠቅጥ ቆየሁ፤ ፍሎራ ወጥታ «እንጨቱ ምን አደረገህ?» እስክትል ድረስ።

ልጅቷ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጆስሊን ትባላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። በሄክተር ማእድ ቤት ተቀመጥን። ኤፊ ሻይና የአጃ ብስኩት አቀረበች፣ ከዚያ ምድጃው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ጆስሊን መቅረጸ ድምፁን ጠረጴዛው መሃል አኖረች፤ የክብሪት ሳጥን ያክላል። ሄክተር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሙሽራ መስሏል።

«ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለችው።

«ሄክተር ማክፋርላን። ይሄ ደግሞ ሙርዶክ ጊሊስ ነው። ብስኩት ሊበላ ነው የመጣው።»

«ከብስኩቱ ይልቅ ያንተ ወሬ ይደርቃል» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ ጀመረ። ሆላንድ ውስጥ አንዲት ላም ነበረች። አሁንም ቡናማ ናት። ዝም አልኩ። በግራ በኩል ገባ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሲያወራ አየሁት። እጆቹ ያልባሉ። ከሰል የገባባቸው፣ ሰማያዊ ጠባሳ ያለባቸው እነዚያ ወፍራም ጣቶች አየር ላይ ቀስ ብለው ይስባሉ። ፊቱ በርቷል። እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አውርቼው አላውቅም። ምድር ቤቱ ደረሰ፣ ልጅቷ ቆቡን ተቀበለች፣ ከዚያ ቆመ።

«ስሟ...» አለ። «ስሟ... ማን ነበር ስሟ?»

አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ኤፊ ላይ ዞረ፤ መጨረሻ እኔ ላይ መጣ። መንገድ የጠፋው ሰው ዐይን ነበር። አንጀቴን በላው።

«ግሪት ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ግሪት!» አለ። «አዎ፣ ግሪት! አየሽ፣ ለእሱ ነግሬው ነበር።» ፊቱ ተመለሰ። ግሪት ጠጣች፣ አረፋው ተለጠፈ፣ ቤቱ ሳቀ፣ ጉንጩን ሳመችው። በዚያች ሰዓት ወተቱን ከነቆቡ ሰጠሁት፤ ቅር አላለኝም። እንዲያውም መሳሙ ጥሩ ጭማሪ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጆስሊን ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉንም እንደምትጠይቀው፣ «እዚያ ያጡት ሰው ነበር?» አለችው።

ኤፊ ምድጃው አጠገብ ቀጥ አለች። እኔም ሻዬን አስቀመጥኩ።

«የለም» አለ ሄክተር። «እኔ ድንች ስልጥ ነበር።» ብስኩት አነሳ። ሊበላው ሲል እጁ መንገድ ላይ ቆመ። መስኮቱን አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ። «አንድ ልጅ ነበር» አለ።

ጆስሊን መቅረጸ ድምፁን አየት አደረገችው።

«አንድ ልጅ ነበር። ውኃ ነበር። ጸጉሩ ቀይ ነው፣ ርሶ ጠቁሯል...» ብስኩቱ ከእጁ ወደቀ። «ልጁን የሆነ ሰው ይዞት ነበር። ሙርዶክ፣ አንተ ነበርክ፣ አይደል? ያ ልጅ የማን ነበር?»

ኤፊ አፏን በሁለት እጇ ይዛ በዐይኗ ትለምነኛለች። ያንተ ነው ብዬ ብነግረው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወንድሙ ደግሞ ይሞትበታል። አላውቅም ብዬ ብመልስለት ኒል ያን ቀን ለዘላለም ይሰጥማል። አስቤ አልነበረም፣ እውነት እላችኋለሁ። አፌ ነው የቀደመኝ።

«የኔ ነው» አልኩት። «ታናሽ ወንድሜ ነበር።»

ሄክተር ዞሮ አፍጥጦ አየኝ። «ወንድም ነበረህ እንዴ?»

«ነበረኝ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ጓደኛ ሆነን አንድ ቀን ሳትነግረኝ!»

«አልሆነልኝም ነበር፣ ሄክተር።»

«ታዲያ አሁን ንገረኝ» አለና ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተ።

«ስሙን ይነግሩኛል?» አለች ጆስሊን።

«ኒል» አልኳት። «ኒል ማክፋርላን።»

ልጅቷ ቀና አለች። እኔ ጊሊስ እንደሆንኩ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሰምታለች። እኔን አየች፣ ሄክተርን አየች፣ ምድጃው አጠገብ የምታለቅሰውን ኤፊን አየች። ገባት። መቅረጸ ድምፁን ወደ እኔ ትንሽ ገፋችውና «ይቀጥሉ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እግዜር ይባርካት።

«ማክፋርላን?» አለ ሄክተር። «ከእኛ ወገን ነዋ!»

«ከእናንተው ወገን ነው።»

«ኒል። ጥሩ ስም ነው» አለ።

እናም ነገርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ቦይ ዳር፣ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ከራሱ ከሄክተር አፍ የሰማሁትን ሁሉ የራሴ አድርጌ ነገርኩት።

«ባቡር ጣቢያው ላይ እናቴ ‘ታናሽህን አደራ’ አለችኝ። ኒል ግን እንግሊዝ አገር ስንደርስ የጦሩ ዳቦ ቤት ተመደበ። ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ለብሶ ዳቦ ሲጋግር ይውላል። ጥይት የማይደርስበት ቦታ። እኔ ደግሞ እግረኛ ጦር። ታላቅ ወንድም ታናሹ ወደ ራሱ ክፍል እንዲዛወርለት መጠየቅ ይችል እንደነበር ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። መጠየቅ ነው፣ ይሰጡሃል።»

«ጠየቅሁ። አደራን በሩቅ እንዴት ይጠብቁታል? ከዐይኔ አይራቅ፣ አጠገቤ ይሁን ብዬ ነው። ሰጡኝ። እየሳቀ መጣ፤ ጆሮው ውስጥ ገና ዱቄት ነበር።»

ሄክተር ፈገግ አለ። እኔ ግን ወደዚያኛው መድረስ ነበረብኝ።

«ከዚያ ቦዩ መጣ። ሊነጋጋ ሲል፣ በሸራ ጀልባ። መሃል ላይ ስንደርስ ተመታን። ውኃው ውስጥ ኮሌታውን ያዝሁት። እየዋኘሁ፣ እየጎተትኩ ወዲያኛው ዳር አደረስኩት። ስሙን እጠራለሁ፤ መጀመሪያ ‘አቤት’ ይለኛል። ዳር ስንደርስ አላለኝም። ሞቶ ነበር። እኔ ግን አልለቀቅሁትም። ፀሐይ ወጥታም አልለቀቅሁትም። ጓደኛዬ መጥቶ ጣቶቼን ከኮሌታው ላይ አንድ በአንድ አላቀቀልኝ።»

«ጓደኛህ ማን ነበር?»

«አንተ ነበርክ።»

«እኔ?» አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ ነበርኩ?»

«አንተ ነበርክ። አጠገቤ ቁጭ አልክ፤ የትም አልሄድክም።»

«ደግ አደረግሁ» አለ ለራሱ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን ካልተናገርኩ ምንም አልተናገርኩም። «ሄክተር፣ ያ ልጅ ዳቦ ቤቱ ቢቀር ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሎ ብስኩት ይበላ ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ። አደራዬን በላሁ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሄክተር ጠረጴዛውን በጡጫው መታው፤ ሻዩ ሁሉ ፈሰሰ።

«ዝም በል! እንዲህ ያለ ንግግር በቤቴ እንዳልሰማ! የገደለው ጀርመን ነው፤ አንተ ነህ እንዴ?» ተነሳ። ለመነሳት ጊዜ ፈጀበት፤ ጠረጴዛውን ይዞ፣ ወንበሬን ይዞ መጣና ያንን ከባድ እጁን አንገቴ ላይ አኖረ። ድምፁ ለሰለሰ። ልጅን ሲያባብል ብቻ እንዲህ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ኤፊ ትንሽ ሳለች። «አጠገብህ እንዲሆን ነዋ የጠራኸው። ስለወደድከው ነው። ወንድም ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔም ወንድም ቢኖረኝ እጠራው ነበር።»

«እናቴ አደራ ብላኝ ነበር» አልኩት። ፊቴ በእንባ ታጥቧል፣ አላፍርም።

«አደራ በላ ማለት ጥሎ የሄደ ነው። አንተ ጣልከው? ጣትህን እኮ አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት፣ አሁን አንተው ነግረኸኝ!» ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፊቴ አቀረበ። «ስማኝ ሙርዶክ። ሲጠሩት ‘አቤት’ ያለው ወንድሙ አጠገቡ እንዳለ ስላወቀ ነው። ብቻውን አልሞተም። እናትህ ብትኖር ሌላ ምንም አትጠይቅህም። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

«ከልብህ በል።»

«ከልቤ ነው፣ ሄክተር። እሺ።»

ከኪሱ መሐረብ አወጣና ጉንጬን ጠረገልኝ፤ በቀኝ፣ በግራ፣ አገጬን ሁሉ። ከዚያ ኤፊን አያት። ምድጃው ላይ ተደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትገተሪያለሽ?» አላት። «ሰውየው ወንድሙ ሞቶበት እኮ ነው! ነይ እንጂ አጽናኚው።»

ኤፊ እየሮጠች መጣች፤ መጥታ ያቀፈችው ግን አባቷን ነው። ደረቱ ውስጥ ገብታ እየተንሰቀሰቀች አልለቅም አለች። ሄክተር ግራ ተጋብቶ በትከሻዋ በላይ አየኝ፤ እጁ ጀርባዋን ይዳብሳል።

«እኔን አይደለም» ይላታል፣ «እሱን ነው፣ ልጄ፣ እሱን።»